ሮዲዚዮ ምንድን ነው? ቡፌስ ለምን አይደለም?

ስለ ሮዲዚዮ፣ ስለ ብራዚሎቹ የምግብ ቤት አቀራረብ፣ «ስሙን አሳመሩት እንጂ ያው የሥጋ ቡፌ ነው፤ ከፍለህ እስክትጠግብ መብላት ነው» የሚል ሰው ሰሞኑን ደግሞ ገጠመኝ። ፍም ፊት ቆሜ ለምውለው ለእኔ ይህ ያናድዳል። ወንድሜ፣ አይደለም!

አንድ ጊዜ ከፍሎ መብላቱ ያመሳስላቸዋል። ቡፌ ላይ ግን ሥጋው ተሠርቶ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። በሮዲዚዮ በረጅም የብረት ዘንግ እንደተሰካ፣ ከእሳቱ እንደወጣ ጠረጴዛችሁ ድረስ ይመጣል። ፓሳዶር የሚባለው ሥጋ አዟሪ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያቆምና ከላይ የተጠበሰውን በስሱ ይቆርጣል፤ እናንተ በመቆንጠጫ ትቀበላላችሁ። የቀረው ወደ እሳቱ ይመለሳል። አዲሱ ገጽ ቡናማ ሲሆን እንደገና ይወጣል። ጨዉ፣ የቀለጠው ስብ፣ ጠቆር ያለው ጠርዝ፣ ሁሉም ያለው በዚያች ስስ ቁራጭ ላይ ነው። ሳህን ላይ ከቀዘቀዘች አለቀላት።

ስለዚህ «የከፈልኩትን ላውጣ» ብሎ አምስት ዓይነት ሥጋ መከመር ሮዲዚዮን በገዛ እጅ ቡፌ ማድረግ ነው።

ታክሲ እንደመጠበቅ አስቡት። በመጣው ሁሉ አይገባም። ብዙ ቤቶች በአንድ በኩል አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ የሆነች ክብ ካርቶን ይሰጧችኋል። አረንጓዴው ወደ ላይ ከሆነ እጃችሁን ዘርግታችኋል፤ ቀዩ ከሆነ «እለፍ» ብላችኋል። መጀመሪያ ዶሮና ቋሊማ ቢመጣ፣ መንገዳችሁ ካልሆነ አሳልፉት፤ ሌላ ይመጣል። ረዳቱን «ፒያሳ ነው?» እንደምትሉት ፓሳዶሩንም «ፒካኛ አለ?» በሉት። ነውር የለውም። ፒካኛ ከዳሌው በላይ ያለው ሥጋ ነው፤ ስቡ ሳይነሳ፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ታጥፎ ይሰካል። ደግሞ ከአንዱ ዘንግ ሁሉም ቁራጭ እኩል አይበስልም፤ ቀላ ያለ የምትወዱ ከሆነ ከውስጥ በኩል እንዲቆርጥላችሁ ንገሩት።

መሐል ላይ ያለው የሰላጣ ጠረጴዛ ግን እውነትም ቡፌ ነው። ሰውን ያሳሳተው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ሹራስኮ የሚባለው የፍም ጥብስ የመጣው ከደቡብ ብራዚል፣ ከሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ከብት ጠባቂዎች ከጋውሾዎቹ ነው። ሮዲዚዮ ደግሞ ምግቡ ሳይሆን አቀራረቡ ነው። ብራዚል ውስጥ የፒዛም የሱሺም ሮዲዚዮ አለ።

ለሀበሻ አንድ ነገር ልጨምር። የብራዚል ከብት አብዛኛው እንደ እኛው ሻኛ ያለው የዜቡ ዘር ነው። እኛ ሻኛን በጥሬው እንወደዋለን፤ እነሱ ኩፒም ይሉትና ለሰዓታት ቀስ አድርገው ያበስሉታል። ስቡ ሥጋው ውስጥ ሟሙቶ በጣም ይለሰልሳል። ሁሉም ቤት አይሠራውም። ካለ ግን ሳትጠግቡ በጊዜ ጠይቁ፤ ያን ያህል ሰዓት የሚፈልግ ነገር ካለቀ ለዚያ ምሽት ሌላ አይደርስም።