ኮንቨርጀንት ኢቮሉሽን ምንድነው? ለኤሊየን የላባ ፈቃድ ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው ለሚጽፈው ሳይንስ ፊክሽን የፈጠራቸውን ፍጡሮች አሳየን። ፕላኔቱ ባለ ሁለት ፀሐይ፣ አየሩ ወፍራም፣ የስበት ኃይሉ ሳይቀር ተሰልቷል፣ እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ከዛ ነዋሪዎቹ፣ ማለትም ኤሊየኖቹ (የሌላ ዓለም ፍጡሮቹ)፣ ሲመጡ ላባ፣ ምንቃር፣ ባዶ አጥንት፣ እንቁላል፣ ባጠቃላይ ሰው የሚያክል ጭልፊት ሆነው አረፉት። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ "ኮንቨርጀንት ኢቮሉሽን ነዋ" ነው። በቃ፣ አለቀ። ይቺን መልስ ከስንት ሰው እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ፣ እና ስራዬ ከወፍ ገላ ጋር ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ትርጉሙ ላይ ብዙ አልቆይም። ዝምድናቸው የራቀ ፍጥረታት ተመሳሳይ ችግር ሲገጥማቸው ለየብቻቸው ተመሳሳይ መፍትሄ ላይ ሲደርሱ ነው። ሻርክና ዶልፊን ቅርጻቸው አንድ ነው፣ አንዱ አሳ ነው ሌላው አጥቢ፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ የሚመሳሰለው መፍትሄው ነው፣ የተሰራበት እቃ አይደለም።

በረራን ውሰዱ። ክንፍ እያማቱ መብረር በምድር ላይ አራት ጊዜ ለየብቻው መጥቷል፦ ነፍሳት፣ ቴሮሳውሮች (በዳይኖሰር ዘመን የነበሩ በራሪ ተሳቢዎች)፣ ወፎችና የሌሊት ወፎች። አራቱም ፈተናው አንድ ነው፣ አራቱም ሰፊና ቀላል ነገር ዘርግተው አልፈዋል። ግን ምን ዘረጉ? የሌሊት ወፍ በጣቶቿ መሀል ቆዳ ወጠረች፣ ቴሮሳውር ቆዳውን ከመጠን በላይ በረዘመ አንድ ጣት ያዘው፣ ነፍሳት ደግሞ እጅም እግርም ያልሆነ ነገር ከጀርባቸው አወጡ። ላባ የዘረጉት ወፎችና የቅርብ ዘመዶቻቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ክንፍ ኮንቨርጀንት ነው፣ ላባ ግን አይደለም።

ጣራን አስቡት። ዝናብ በሚበዛበት አገር ሁሉ ጣራ ዘቅዛቃ ነው፣ የጎጃም የሳር ጎጆም ሆነ የጃፓን ገበሬ ቤት፣ ማንም ከማንም ሳይማር፣ ምክንያቱም ውሃ ቁልቁል ነው የሚወርደው። ዝናቡ ያን ያህል በማያስጨንቅበት ደግሞ እንደ ትግራይ ህድሞ ጠፍጣፋ የአፈር ጣራም ይበቃል። ዝቅዝቀቱ ኮንቨርጀንት ነው። ቆርቆሮ ግን ከዝናብ አይመጣም! ቆርቆሮ የሚመጣው ከፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካው ብረት ይፈልጋል፣ ብረቱ ወደብና መኪና ይፈልጋል፣ ከዛ ሚስማር አለ፣ ማገር አለ፣ አናጢ አለ። ሩቅ ገጠር ገብተህ ቆርቆሮ ብታይ "እዚህ ዝናብ አለ" አትልም፣ "መንገድ ደርሷል" ነው የምትለው። ላባ ቆርቆሮ ነው። የሆነ ፕላኔት ላይ ላባ ካየሁ የምጠይቀው ይበራሉ ወይ አይደለም፣ መንገዱ በየት በኩል ነው የመጣው ነው።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፣ እሱንም ልናገር። ቆርቆሮ ጎረቤት አይቶ ይገዛል፣ እንስሳ ግን ከጎረቤት ዝርያ ላባ አይገዛም። (ባክቴሪያዎች ጂን ይዋዋሳሉ፣ እነሱን ለጊዜው ተዉልኝ።)

አንድ አስተያየት ሰጪ ወንድሜ "ፊዚክስ እኮ ሁሉም ቦታ አንድ ነው" ብሎ ሊይዘኝ ሞክሯል። ልክ ነው፣ ግን ፊዚክስ የሚወስንልህ ዝቅዝቀቱን ነው። ላባ ደግሞ በጣም የተለየ ነገር ነው፦ ፎሊክል ከሚባል የቆዳ ጉድጓድ ቱቦ ሆኖ ይበቅላል፣ ቱቦው እየተሰነጠቀ ዘንግና ቅርንጫፍ ይሆናል፣ ቅርንጫፎቹ ራሳቸው ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ እነዚህ ደግሞ በጥቃቅን መንጠቆ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ይሄ ሁሉ እርምጃ ለበረራ ተብሎ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1996 ከቻይናዋ ሊያዎኒንግ ይፋ የሆነው ሲኖሳውሮፕተሪክስ የሚባል ዳይኖሰር ገላው ለስላሳ ክር መሰል ነገር ለብሷል፣ እጁ ግን አጭር ነው፣ መብረር የሚባል ነገር አያውቅም። በ2012 ይፋ የሆነው ዩቲራነስ የሚባል ዳይኖሰር ደግሞ ወደ 1.4 ቶን ይገመታል፣ እሱም ባለ ላባ ነው፣ 1.4 ቶን የት ይበራል! ሙቀት መያዣም ይሁን መታያ፣ ላባ መጀመሪያ ሌላ ስራ ነበረው፣ በረራ ላይ የተቀጠረው በኋላ ነው። "መብረር ስላለባቸው ላባ አበቀሉ" የሚለው ጋሪውን ከፈረሱ ማስቀደም ነው።

እዚህ ጋ የሙያ አጋሮቼ ከመቆጣታቸው በፊት፦ አዎ፣ ቴሮሳውሮች ላይም ክር መሰል ነገር አለ። በ2018 እና በ2022 የወጡ ጥናቶች ቅርንጫፍ ያለው ነው፣ ላባ ነው ብለዋል፣ ሌሎች ደግሞ ቅርንጫፉ በመበስበስ የመጣ ነው ብለው ተከራክረዋል። ላባ ከሆነ የላባ መነሻ ወደ ኋላ ይሄድና የዳይኖሰርና የቴሮሳውር የጋራ ቅድመ አያት ጋ ይደርሳል፣ ያኔ ውርስ ነው ማለት ነው። ካልሆነ ለየብቻ መጣ እንላለን፣ ግን እነሱም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ ቆዳቸው፣ ጂናቸው፣ ፕሮቲናቸው ከአንድ ቤት ነው። ዘመዳሞች ተመሳሳይ ነገር ቢያወጡ አይገርምም። የሌላ ፀሐይ ፍጡር ግን ከዚህ ቤት ምንም አልወረሰም፣ የኛ ምሳሌዎች በሙሉ ደግሞ፣ ሻርኩም ዶልፊኑም ኦክቶፐሱም፣ አንድ ዘር ናቸው፣ ስለዚህ "ምድር ላይ ደጋግሞ ስለሆነ ሌላም ቦታ ይሆናል" ሲባል እኔ ትንሽ ያመኛል።

ሌላው የሚያናድደኝ ጥቅሉ ነው። ላባ፣ ምንቃር፣ ባዶ አጥንት፣ እንቁላል አንድ ላይ ታስሮ የሚሸጥ ነገር አይደለም። የጥንቱ ወፍ መሳይ አርኪዮፕተሪክስ ላባ ከጥርስ ጋር ነበረው። ምንቃር ግን እውነተኛ ኮንቨርጀንት ነው፣ ኤሊ አላት፣ ኦክቶፐስ አለው፣ እሱን ለኤሊየንህ በነጻ ውሰድ። ባዶ አጥንት የሚሉትም ክብደት ለመቀነስ ብቻ ተደርጎ ይወራል፣ የወፍ አጽም ግን ከገላዋ አንጻር ሲታይ በመጠን ከምትስተካከላት አጥቢ ይቀላል ማለት ያስቸግራል፣ እንዲያውም በብዙ ወፎች ላባው ከአጽሙ ይከብዳል።

እና ኮንቨርጀንስ በትክክል ሲሰራ ምን ይመስላል? ንብን እዩ። ፀጉሯ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርንጫፍ አለው፣ ላባ ነው ብትባል ታምናለህ፣ የአበባ ዱቄት ይይዝላታል፣ ይሞቃታልም። ግን እንደ ላባ ኬራቲን (የጥፍርና የጸጉር ፕሮቲን) ሳይሆን ካይቲን (የነፍሳት ቅርፊት የሚሰራበት) ነው፣ ከፎሊክል አይበቅልም፣ እና ዋናው ነገር አይታደስም፤ አድጋ ከወጣች በኋላ ገላዋን ስለማትቀይር የተነቀለው ተነቀለ ነው። እድሜ የጠገበች ባምብልቢ (ወፍራም ጸጉራም የንብ ዘመድ) ጀርባዋ መላጣ ይሆናል።

የፍጡሮችህ ባህል የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ ሰው ግን ከላባው በቀጥታ "ነጻነት የሚወዱ ህዝቦች" ወደሚል ይዘላል፣ የሚበር ሁሉ ነጻነት ይወዳል ያለው ማነው? ወደ ጣራችን ልመለስና፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፣ አስተማሪ ትምህርቱን ያቆማል፣ ማንም ለጩኸቱ ብሎ አልሰራውም፣ ግን ኑሮ ውስጥ ገባ። እቃው ሳይጠየቅ የሚያመጣው ጣጣ ነው ባህል የሚሆነው።

ስለዚህ እቃህን ምረጥ። የወፍ አይነት ካደረግከው ላባ የሞተ ነገር ነው፣ ከተሰበረ አይድንም፣ ወድቆ አዲስ እስኪበቅል ይጠበቃል። ብዙ ወፎች ተራ በተራ ይጥላሉ፣ ዳክዬዎች ግን የክንፋቸውን ላባ ባንዴ ጥለው ለሳምንታት መሬት ላይ ይቀራሉ። ከተማ የሚሰራ፣ ግብር የሚሰበስብ ህዝብ በየአመቱ ለሳምንታት ከሰማይ ከወረደ ጦርነቱም ሰርጉም ዳኝነቱም ያንን ወቅት እየቆጠረ ነው የሚታቀደው፣ ከጎረቤት ያለው ተራ በተራ የሚጥል ህዝብ ደግሞ ወቅቱን ጠብቆ ነው የሚመጣባቸው። ላባው በየአመቱ ስለሚታደስ የአምናው ጠባሳ የለም፣ እድሜም እንደ ልብ አይነበብም፣ ታላቅና ታናሽን በሌላ ነገር መለየት ይኖርባቸዋል። የንብ አይነት ካደረግከው ተቃራኒው ነው። ሽማግሌ ከሩቅ ይታወቃል፣ መላጣነት ወይ ክብር ነው ወይ የሚሸፈን ነውር፣ ልጅን ጀርባው ላይ ማሻሸት ደግሞ የማይመለስ ነገር መውሰድ ነው፣ እናት ልጇን የምታቅፍበት መንገድ ራሱ ይቀየራል። ከሁለት እቃ ሁለት አገር ወጣ፣ ሁለቱም ከሩቅ "ላባ" ይመስላሉ።

ቀለም ላይም እንደዛው። ባለስልጣኑ ሰማያዊ፣ ገበሬው ቡኒ ይባልና ያልፋል። ቀለሙ ከየት መጣ? የፍላሚንጎ ሮዝ ከምግብ ነው፣ ምግቡ ሲቀየር ይገረጣል፣ እዛ ላይ ተመስርተህ መደብ ብትሰራ ያስኬዳል። በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የሩስፖሊ ቱራኮ ክንፉ ላይ ያለው ቀይ ደግሞ መዳብ ያለበት ፒግመንት (ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር) ነው፣ ይሄ ፒግመንት ከቱራኮዎች ውጪ አይታወቅም። ሰማያዊ ላባ ግን ባብዛኛው ሰማያዊ ፒግመንት የለውም፣ ብርሃን ላባው ውስጥ ባለ ጥቃቅን አወቃቀር ሲበተን የሚታይ ነው፣ ብትፈጨው ሰማያዊው ይጠፋል፣ ስለዚህ ከጠላት ላባ ሰማያዊ ቀለም የሚጨምቁት ነጋዴዎችህ ስራ ፈት ናቸው። በኛ ተራሮች ላይ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራም ደረቱ ቀላ ያለው ብረት ባለበት ቀይ አፈር እየታጠበ ነው፣ ለምን እንደሚያደርገው ገና እየተከራከርን ነው። ያ እንግዲህ ከውርስ የመጣ ቀለም አይደለም፣ ራሱ ሄዶ የሚቀባው ነው።

"የኔዎቹ ኤሊየኖች ድሮ ከምድር የተወሰዱ ቢሆኑስ?" ያለም አለ። ያ ይሰራል ወንድሜ፣ ግን ያኔ ዘመድ ናቸው፣ ኮንቨርጀንት የሚለውን ቃል ታወጣዋለህ። የተወሰደው ባክቴሪያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከባክቴሪያ እስከ ፎሊክል ያለውን መንገድ አሁንም አንተው ነህ የምትጠርገው።