ጡንቻ በስፖርት ራሱን የሚያድሰው እንዴት ነው?

ስፖርት ጡንቻ ይገነባል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ወሬው ግማሽ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ይጎዳል፤ የተጎዳውን እየለቀመ ያስወግዳል፤ ጎን ለጎን ደግሞ አዲስ ይተካል። ማስወገዱ ከመገንባቱ ያነሰ ሥራ አይደለም።

የጡንቻ ሴል ረጅም ክር ነው፤ በውስጡ ብዙ ኒውክለስ አለው። ተከፋፍሎ አይባዛም። ቆዳ ያረጁ ሴሎቹን አራግፎ በአዲስ ይተካል፤ ጡንቻ ግን በዋናነት የሚያድሰው የሴሉን ውስጥ ነው።

እስቲ አንዱን ፕሮቲን ቀረብ ብለን እንየው። ስሙ ፊላሚን ነው። ጡንቻ የሚኮማተርባቸው ጥቃቅን ክፍሎች በሚገናኙበት ቦታ፣ ዜድ ዲስክ በሚባለው፣ ተቀምጦ ውጥረቱን ይሸከማል። ክብደት ስናነሳ ወይም ቁልቁለት ስንወርድ ይሳባል፤ ከቅርጹም ይወጣል። ያኔ ባግ3 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ የተበላሸውን ፊላሚን ይይዘዋል። ምልክት ይደረግበታል፤ በሽፋን ይጠቀለላል፤ ከዚያ ላይሶሶም ወደሚባለው የሴሉ መፍጫ ተወስዶ ወደ አሚኖ አሲድ ይፈርሳል። አሚኖ አሲዱ እንደገና ለግንባታ ይውላል። የሚገርመው፣ አዲስ ፊላሚን እንዲመረት የሚያነሳሳውም ይኸው ባግ3 ነው። የማስወገዱን አሠራር እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉት በጀርመን የቦን ዩኒቨርሲቲ የዮርግ ሆፌልድ ቡድንና ባልደረቦቹ ናቸው። የባግ3 ጂን በተወሰነ መልኩ ሲበላሽ ገና በልጅነት ከባድ የጡንቻ ድክመት ይመጣል፤ ልብንም ይነካል።

ሴሉ የራሱን ክፍል የሚያፈርስበት ሰፊው ሥርዓት ኦቶፋጂ ይባላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ አሠራሩን በእርሾ ላይ አጥንተው በ2016 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ከስፖርት ጋር ያገናኘችው ደግሞ አሜሪካዊቷ ቤዝ ሌቪን ናት። በ2012 ባወጣችው ጥናት አይጦች ለ30 ደቂቃ ሲሮጡ በጡንቻቸውና በልባቸው ኦቶፋጂው ጨመረ። ይህ ጭማሪ እንዳይኖር ተደርገው የተዳቀሉት አይጦች ግን ብዙ መሮጥ አልቻሉም። ስኳራቸውን የመቆጣጠር ጥቅሙም ቀረባቸው።

ኃይል አመንጪው ሚቶኮንድሪያም በዚሁ መንገድ ይታደሳል፤ ያረጀው ይወገዳል፣ አዲስ ይጨመራል። ጆን ሆሎዚ በ1967 ለሳምንታት ባስሮጣቸው አይጦች ላይ፣ በጡንቻቸው ያሉት የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይሞች ሥራ በእጥፍ ገደማ ማደጉን አሳይቷል።

ጉዳቱ ሲከብድ ሳተላይት ሴሎች ይነሳሉ። አሌክሳንደር ማውሮ በ1961 በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ያገኛቸው እነዚህ ሴሎች ክሩን ታክከው ይቀመጣሉ። ሲፈለጉ ይባዙና ከክሩ ጋር ይዋሃዳሉ።

ሥራው ከጂም ስንወጣ አያልቅም። ክብደት ከተነሳ በኋላ የፕሮቲን ምርቱ እስከ 48 ሰዓት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የእረፍቱ ቀን የባከነ ቀን አይደለም። ምግብም ወሳኝ ነው፤ በባዶ ሆድ ከቆየን መፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጣል። እንቁላልም ሆነ ምስር ያግዛል።

ሳይንቀሳቀሱ መቆየት ደግሞ ሚዛኑን ያዛባል። እግሩ ጄሶ ውስጥ የሰነበተ ሰው ጄሶው ሲፈታ አንደኛው ባት ከሌላው ቀጥኖ ያየዋል። ውጥረት ሲጠፋ አዲስ ፕሮቲን የመሥራቱ ፍጥነት ይወርዳል፤ መፍረሱ ግን አይቆምም። ሐኪም ሲፈቅድ ፊዚዮቴራፒ ቶሎ የሚጀመረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።