ሎጎስ ምንድን ነው? «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ያለው ወንጌል ከአይሁድና ከግሪክ የተቀበለው ስም

«ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ።» የዮሐንስ ወንጌል በግዕዝ የሚከፈተው በእነዚህ ሦስት ቃላት ነው፤ አማርኛው ደግሞ «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» ይላል። ሁለቱም «ቃል» ያሉት ወንጌላዊው በግሪክኛ «ሎጎስ» ብሎ የጻፈውን ነው። ይህ የግሪክ ስም ከአፍ ከሚወጣ ንግግር እጅግ የሰፋ ነው፤ የወጣበት ግሥ መሰብሰብን፣ መቁጠርንና መናገርን በአንድነት ስለሚይዝ ሎጎስ ንግግር ይሆናል፣ ሒሳብ ይሆናል፣ ምክንያት ይሆናል፣ ነገሮች እርስ በርስ የሚያያዙበት ሥርዓትና ያንን ሥርዓት የሚያስተውል አእምሮም ይሆናል። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የመክሊቱ ባለቤት ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ባሮቹን ሲተሳሰባቸው፣ የተሳሰቡት ሒሳብ በግሪክኛው «ሎጎስ» ተብሏል።

ዮሐንስ ስሙን ሳያብራራ በቀጥታ መጀመሩ አንባቢዎቹ ስሙን ቀድሞ ሰምተውት እንደነበር ያመለክታል። ሊሰሙት የሚችሉትም በሁለት በኩል ነበር፤ አንዱ በምኵራብ፣ ሌላው በፈላስፎች ጉባኤ። ክርስቲያኖች ስለ እግዚአብሔር የሚናገሩበት ቋንቋ ከአይሁድና ከግሪክ ምን እንደተቀበለ፣ ምንስ እንዳልተቀበለ ለማየት ከዚህ ስም የተሻለ በር አላውቅም።

የአይሁዱን ወገን ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዕብራይስጥ «ዳቫር» ማለት ቃልም ነው፣ የተፈጸመ ጉዳይም ነው፤ የእኛ «ነገር» ከ«ተናገረ» ጋር አንድ ሥር እያለው ጉዳዩን ራሱን እንደሚጠራ ማለት ነው። በዚህ አስተሳሰብ የእግዚአብሔር ቃል ስለ አንድ ነገር የሚነገር ወሬ አይደለም፤ ነገሩን የሚያስገኝ ኃይል ነው። «ብርሃን ይሁን» ይላል፣ ብርሃንም ይሆናል፤ በመናገሩና በመሆኑ መካከል መሣሪያም ድካምም አይገባም። መዝሙረኛው «በእግዚአብሔር ቃል ሰማዮች ጸኑ» ይላል፤ በትንቢተ ኢሳይያስ 55ኛ ምዕራፍ ደግሞ ቃሉ ከሰማይ ወርዶ ምድርን ሳያረካ እንደማይመለስ ዝናብ፣ የተላከበትን ሳይፈጽም ወደ ላከው የማይመለስ ሆኖ ይታያል። ከቃሉ ጎን ጥበብ ቆማለች። በመጽሐፈ ምሳሌ 8ኛ ምዕራፍ ጥበብ ራሷ አፍ አውጥታ፣ ሰማዮች ሲዘረጉ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደነበረች ትናገራለች፤ በመጽሐፈ ሲራክ 24ኛ ምዕራፍ ድንኳኗን በያዕቆብ ዘንድ እንድትተክል ትታዘዛለች። መጽሐፈ ጥበብ 9ኛ ምዕራፍ ላይ ደግሞ ሁሉ በቃሉ እንደተፈጠረ፣ ሰውም በጥበቡ እንደተበጀ ሲነገር ሁለቱ ጎን ለጎን ተጠርተዋል።

በአረማይክ የተተረጎመውና የኦንቀሎስ ተርጉም የሚባለው ኦሪት፣ አዳምና ሔዋን በገነት የሰሙትን ድምፅ ሲጽፍ «ቃል ሜምራ» ይላል፤ ይህም «የቃሉ ድምፅ» ማለት ነው፤ አረማይኩ «ቃል» ብሎ ድምፅን የሚጠራበት ስም ከግዕዙ «ቃል» ጋር አንድ ዘር ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ሁለተኛ አምላክ አይወጣም። አይሁድ ስለ ቃሉና ስለ ጥበቡ እንዲህ የተናገሩት አንዱ እግዚአብሔር ሳይታይ እንዴት ቅርብ እንደሚሆን ለመግለጥ ነው፤ «እግዚአብሔር አንድ ነው» የሚለው የእምነት ምስክርነት ሳይነካ ቀርቷል።

የግሪኩ ወገን የሚጀምረው በትንሿ እስያ፣ በኤፌሶን ከተማ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ዓመት ገደማ የኖረው ሄራቅሊጦስ ሁሉ በሎጎስ መሠረት እንደሚሆን፣ ሰዎች ግን ሰምተውትም እንደማያስተውሉት ጽፏል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዮሐንስ ወንጌሉን የጻፈው በዚያችው በኤፌሶን ነው ይላል፤ የከተማዋ አንድ መሆን ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በሁለቱ መካከል ስድስት መቶ ዓመት ያህል አለና። ከሄራቅሊጦስ ይልቅ ስሙን በሕዝብ መካከል ያስፋፉት ኢስጦኢኮች ናቸው፤ ጳውሎስ በአቴና ሲያስተምር እንደተከራከሩት የሐዋርያት ሥራ የሚናገርላቸው ማለት ነው። ዜኖን የተባለው መሥራቻቸው ከልደት በፊት በ300 ገደማ በአቴና ማስተማር ሲጀምር ሎጎስን በዓለሙ ሁሉ ውስጥ ተሰራጭቶ ሁሉን እንደ እሳትና እንደ እስትንፋስ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት አድርጎ አቀረበው። ኢስጦኢኮች በልብ ውስጥ ያለውን ሎጎስ ከአፍ ከሚወጣው ሎጎስም ለይተዋል፤ ይህ ልዩነት በኋላ ለክርስቲያን መምህራን ትልቅ ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ የእነርሱ ሎጎስ ከዓለሙ የማይለይ ነበር፤ አብርሃምን ጠርቶ ቃል ኪዳን አይገባም፣ ነቢይም አይልክም።

ሁለቱ ወንዞች የተገናኙት በእስክንድርያ ነው። ከልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ኦሪትን ወደ ግሪክኛ መተርጎም የጀመሩት አይሁድ፣ በእኛ ዘንድ ሰብዓ ሊቃናት የሚባሉት፣ «ዳቫር»ን በብዙ ስፍራ «ሎጎስ» አሉት፤ ከዚያ ወዲህ ግሪክኛ የሚያነብ አይሁዳዊ «የእግዚአብሔር ቃል» በሚለው ውስጥ የፈላስፎቹንም ስም ይሰማ ጀመር። ከሁሉ ይልቅ ይህን የሰማው ፊሎ ነው። ከልደት በፊት በ20 ገደማ ተወልዶ እስከ 50 ዓ.ም. ገደማ የኖረው ይህ የእስክንድርያ አይሁዳዊ ኦሪትን በግሪኩ ፈላስፋ በአፍላጦን (ፕሌቶ) ዓይን አነበበ፤ ሎጎስን የእግዚአብሔር አምሳልና በኵር ልጁ ብሎ ጠራው፤ በአንድ ስፍራም «ሁለተኛ አምላክ» እስከ ማለት ደረሰ። እንዲህ ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው። አፍላጦናዊው አምላክ ከቁስ ዓለም እጅግ የራቀ ስለሆነ በእርሱና በፍጥረቱ መካከል የሚቆም ድልድይ ያስፈልግ ነበር፤ ለፊሎ ድልድዩ ሎጎስ ሆነ።

ዮሐንስ የፊሎን መጻሕፍት አንብቦ ነበር ወይ የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቦታ ግን አያከራክርም። እስከ ወንጌሉ የመጀመሪያ ምዕራፍ 13ኛ ቁጥር ድረስ ፊሎም ሆነ አንድ ኢስጦኢክ ብዙውን ሳይደናገጥ ሊያነበው ይችል ነበር። 14ኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን «ቃልም ሥጋ ሆነ» ይላል። ፊሎ ድልድዩን ያቆመው እግዚአብሔር ከሥጋ እንዲርቅ ነበር፤ ወንጌላዊው ድልድዩ ራሱ ሥጋ ሆነ አለ። ወዲያው የሚከተለው ግሥ ደግሞ ከግሪክ ፍልስፍና አልመጣም። በእኛ ዘንድ «ኀደረ ላዕሌነ»፣ «በእኛ አደረ» የተባለው በግሪክኛው ቀጥታ ትርጉሙ «ድንኳን ተከለ» ነው፤ ጥበብ በሲራክ መጽሐፍ በያዕቆብ ዘንድ የተከለችውን ድንኳን፣ በሲና ምድረ በዳም ክብሩ የሞላውን የመገናኛ ድንኳን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይሰማዋል። ስሙ የግሪክን ልብስ ቢለብስም የገባበት ድንኳን የእስራኤል ነው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት መምህራኑ ስሙን ይዘው ወደ ግሪኮቹ ተመለሱ። በፍልስጥኤም ናብሉስ ተወልዶ በ165 ገደማ በሮም በሰማዕትነት ያለፈው ዮስጢኖስ፣ በሎጎስ የኖሩ ሁሉ፣ ሶቅራጥስና ሄራቅሊጦስ ሳይቀሩ፣ ክርስቲያኖች እንደነበሩ እስከ መጻፍ ደፈረ። የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ በ180 ገደማ የልቡን ሎጎስና የአፉን ሎጎስ ልዩነት ከኢስጦኢኮች ወስዶ፣ ቃሉ በእግዚአብሔር ልብ ሳለ ለመፍጠር በወደደ ጊዜ ወለደው ብሎ አስተማረ። ምሳሌው ውብ ነው፤ ነገር ግን «እንግዲያስ ከመውጣቱ በፊት ምን ነበር?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል።

ያንን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የገፋው የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ ነበር። ምሳሌ 8፥22 በሰብዓ ሊቃናት ግሪክኛ «ፈጠረኝ» ስለሚል ቃሉ የመጀመሪያው ፍጡር ነው፣ ያልነበረበትም ጊዜ ነበር አለ። በ325 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ በእኛ ዘንድ ሠለስቱ ምዕት የሚባሉት አባቶች፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የማይገኝ «ሆሞኡሲዮስ» የሚል ቃል አንሥተው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው ወሰኑ።

ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ አዶልፍ ፎን ሃርናክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የቤተ ክርስቲያንን ዶግማ በወንጌል አፈር ላይ የበቀለ የግሪክ መንፈስ ሥራ አድርጎ ጻፈ፤ ብዙዎች ዛሬም ይህንኑ ይደግማሉ። እኔ ግን ኒቅያን ሳይ ነገሩ ተገልብጦ ይታየኛል። በእግዚአብሔርና በዓለም መካከል የሚቆም፣ ከአምላክ ያነሰ ከፍጡር የበለጠ ሎጎስ የግሪኮች አሳብ ነበር፤ የያዘውም አርዮስ ነው። አባቶች ይህን መካከለኛ ሲያስወግዱ ፈጣሪ አንድ ነው፣ ሌላው ሁሉ ፍጡር ነው የሚለውን የኦሪት ድንበር መልሰው አጸኑ። ቃሉን ከግሪክ ተውሰው አሳቡን ከለከሉ ማለት ነው።

ከኒቅያ ወደ አክሱም ያለው መንገድ አጭር ነው። በጉባኤው በዲያቆንነት የነበረውና በ328 የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው አትናቴዎስ፣ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመ። ወንጌልን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት ተርጓሚዎች «ሎጎስ»ን «ቃል» ሲሉት ስሙ ወደ ሴማዊ ቤቱ ተመለሰ፤ ነገር ግን ግሪክኛው የያዘው የአእምሮ ትርጉም ከውጭ የቀረ ይመስላል። አልቀረም፤ በሌላ ስም ገባ። ግሪኮች ከሎጎስ አውጥተው አስተዋይን የሚጠሩበትን ቅጽል ግዕዝ «ነባቢ» አለው፤ ቃል በቃል «ተናጋሪ» ማለት ነው፤ የሰው ነፍስም ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ትባላለች። «ሆሞኡሲዮስ» ደግሞ በጸሎተ ሃይማኖት «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» ሆነ።

በአብነት ትምህርት ቤት ምሥጢረ ሥላሴን የሚማር ደቀ መዝሙር የኩነትን (የመሆንን) ሦስትነት ሲደርስ አብ ልብ፣ ወልድ ቃል፣ መንፈስ ቅዱስ እስትንፋስ እንደሆነ ይማራል። በአራተኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ከሰው ቃልና እስትንፋስ ምሳሌ አውጥቶ ሥላሴን ያስረዳ ነበር፤ የልብ ቃልና የአፍ ቃል ልዩነትም ከአቴና ተነሥቶ በአንጾኪያ በኩል ማለፉን አይተናል። በግዕዙ ትምህርት ግን ከልብ ወጥቶ ልብን ባዶ የሚያስቀር፣ ወይም በኋላ የተገኘ ቃል የለም፤ ወልድ በቃልነቱ ለራሱ ነባቢ ሆኖ ለአብና ለመንፈስ ቅዱስ ቃላቸው ነው፤ ልብ ያለ ቃል የኖረበት ጊዜም አልነበረም።