ቅኝት ምንድን ነው? አምባሰል በመሰንቆ፣ በቫዮሊን እና በኮንትራባስ

ደሴ ላይ በአንድ ሠርግ፣ ቫዮሊን የምትማረው የእህቴ ልጅ መሣሪያዋን ይዛ ከመሰንቆ መቺው ሽማግሌ አጠገብ ተቀመጠችና «አባባ፣ በየትኛው ድምፅ ነው የቃኙት?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው በአገጫቸው ወደ ዘፋኟ አመለከቱና «በእሷ ነዋ ልጄ» አሏት። ልጅቷ ግራ ገባት። የተማረችው ቫዮሊን «ላ» የሚባለው ክሩ በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ ተደርጎ ይቃኛል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ስብሰባ የተስማሙበት ልክ ነው።

ግራ ያጋባት «ቅኝት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ስለሚይዝ ነው። አንደኛው ክርን ማክረርና ማላላት ነው። ሁለተኛው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው የአምስት ድምፆች አሰላለፍ ነው። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ በስተምሥራቅ። እኔ በዚህ እኮራለሁ።

ክራር ላይ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ናቸው። ክራሩ ሜጀር በሚባለው የትዝታ ዓይነት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተቃኝቶ ከሆነና ወደ አምባሰል መሻገር ከተፈለገ፣ ሬ በግማሽ ድምፅ (በሁለት ጎረቤት ድምፆች መካከል ባለው ትንሹ ርቀት) ይላላል፣ ሚ በግማሽ ድምፅ ይከርራል፣ ላ በግማሽ ድምፅ ይላላል፤ ዶና ሶል ባሉበት ይቆያሉ። መቃኛው ሲዞር ዜማው አብሮ ይለወጣል። በደጋን በሚመቱት ላይ ግን መቃኛው ሳይነካ ቅኝቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ሥራው የግራ እጅ ጣቶች ነውና። በእነዚህ መሣሪያዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት ሁሉም ላይ ያንኑ አምባሰልን ማሳደድ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከመሰንቆ እንጀምር። ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። ደጋኑም ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ነው፤ ዕጣን ወይም ሙጫ ካልተቀባ ይንሸራተታል፣ ድምፅም አይወጣም። የተቀባው ጭራ ክሩን ይዞ ይስባል፣ ክሩ ያመልጣል፣ እንደገና ይያዛል፤ ይህ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል። ክራርና በገና ተነክተው ቀስ በቀስ ሲጠፉ፣ መሰንቆ እንደ ሰው ጉሮሮ ድምፁን ጎትቶ የሚያቆየው በዚህ ነው። ጣቶቹ ደግሞ ክሩን አንገቱ ላይ አይጫኑትም፤ ከአጠገቡ ጠጋ ብለው ይነኩታል። ከሥር የሚያርፍበት ሰሌዳ ስለሌለ ጣት በትንሹ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል። የአምባሰል እንጉርጉሮ የሚያምረውም እዚያች መንሸራተት ውስጥ ነው።

ቫዮሊን አራት ክሮች አሉት፤ ከወፍራሙ ጀምሮ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። በየመካከላቸው ሰባት ግማሽ ድምፅ ልዩነት አለ። አምባሰልን ከሶል ብንጀምረው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። ልቁ ክር፣ ማለትም ጣት ያላረፈበት፣ ሶል ነው። ሌባ ጣት ከክሩ ጫፍ 1.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ሲያርፍ ሁለተኛው ድምፅ ይወጣል። የቀለበት ጣት 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲያርፍ ሦስተኛው ዶ ይመጣል። ከዚያ ደጋኑ ወደ ሬ ክር ይሻገርና ያው የጣት አቀማመጥ እንዳለ ይደገማል፦ ልቅ፣ ሌባ ጣት፣ የቀለበት ጣት። አምባሰል ለካ ከሁለት እኩል ቁራጮች የተሠራ ነው! ይህን ከማየቴ በፊት ብዙ ዓመት በጆሮዬ ብቻ ነበር የማውቀው።

ከቫዮሊን ጥቂት ተለቅ የሚለው ቪዮላ ከእሱ በሰባት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ይቃኛል። ተቀምጠው በጉልበት መካከል የሚይዙት ቼሎ ያንኑ በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ባለው ርቀት) ዝቅ አድርጎ ይይዛል። የጣቱ ቅደም ተከተል ግን ይለወጣል፤ የቼሎ ክር 69 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ግማሽ ድምፅ ብቻ 4 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው። ከሌባ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ያለው ርቀት እዚህ አምባሰል ውስጥ 13 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ እጅ ይለጠጣል።

ከሁሉም ትልቁ በሆነው ኮንትራባስ ላይ ክሩ ከአንድ ሜትር ስለሚበልጥ መለጠጥም አይበቃም። ስለዚህ ክሮቹ በአምስት ግማሽ ድምፅ ልዩነት ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የታችኛው ሚ በሰከንድ 41 ጊዜ ብቻ ይርገበገባል። አምባሰልን ከሚ ስንጀምር ሁለተኛው ፋ በሌባ ጣት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይያዛል፤ ሦስተኛው ላ ግን ጣት ሳይነካው በቀጣዩ ልቅ ክር ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቫዮሊን ላይ የቀለበት ጣት የሠራውን እዚህ የክሩ አቃኛኘት ሠራው።

በዚያ ሠርግ የዘፋኟ ድምፅ በሁለት የቫዮሊን ድምፆች መካከል ላይ ነበር የወደቀው። ሽማግሌው አንዷን መቃኛቸውን ጥቂት ጠምዘዝ አድርገው ጨረሱ። የእህቴ ልጅ በዚያ ከፍታ ልትጫወት ብትሞክር ልቆቹ ክሮች እምቢ አሏት። «አብሽሪ፣ አንቺም አላሊው» አሏት ሽማግሌው፣ የመሰንቋቸውን ልቅ ክር እየሳቡላት። እሷም ጆሮዋን ወደ መሰንቆው አዘንብላ አራቱንም ክሮች አንድ በአንድ ዝቅ አደረገች። ላዋ ከ440 በታች ወረደ፤ አምባሰሉም ተጀመረ።