ነዳጅ ቆጣቢ ተተኪ ፍለጋ፦ የጠባብ አካል አውሮፕላኖች ታሪክ

በካቢኑ መሃል አንድ መተላለፊያ ብቻ ያለው የመንገደኞች አውሮፕላን ጠባብ አካል ወይም ናሮውቦዲ ይባላል። ቦይንግ 737 እና ኤርባስ ኤ320 የዚህ ወገን አውራዎች ናቸው። አጭርና መካከለኛ በረራዎችን በብዛት የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። በቀን ደጋግመው ስለሚነሱ ከነዳጃቸው የምትቆጠብ እያንዳንዷ በመቶኛ ለአየር መንገዱ ብዙ ገንዘብ ናት። ስለዚህ አንድ ሞዴል ሲያረጅ አምራቹ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ከባዶ ተነስቶ አዲስ አውሮፕላን ይሠራል፣ ወይ አሮጌውን አዲስ ሞተር ይገጥምለታል። አብዛኛውን ጊዜ ያሸነፈው ሁለተኛው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ ሞተሩን ማወቅ ይበጃል። ጥቂት አየር በኃይል ከሚወረውር ሞተር ይልቅ ብዙ አየር ረጋ ብሎ የሚገፋው ነዳጅ ይቆጥባል። ከፊት ያለው ፋን ከሚስበው አየር ከፊሉ ወደ ማቃጠያው ይገባል፣ ሌላው በዙሪያው ያልፋል። በዙሪያው የሚያልፈው ወደ ውስጥ ከሚገባው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ባይፓስ ሬሾ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ 737ቶች ሞተር ላይ አንድ ለአንድ ገደማ ነበር። ዛሬ ከ9 እስከ 12 ደርሷል። ቁጥሩ እንዲያድግ ፋኑ መስፋት አለበት። ፋኑ ሲሰፋ ደግሞ ከመሬት ጋር ይቀራረባል።

737 ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሚያዝያ 1967 መጀመሪያ ሲበር ጎማው የሚያያዝበት እግሩ ሆን ተብሎ አጭር ተደርጎ ነበር። ሻንጣ ለመጫን ከፍ ያለ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ሞተሮቹም ቀጫጭን ስለነበሩ ከክንፉ ሥር ተለጥፈው ተቀመጡ። በ1984 ሥራ የጀመረው 737-300 ግን ሲኤፍኤም56 የተባለውን ወፍራም ሞተር ይዞ መጣ። መሐንዲሶቹ ከሞተሩ ሥር የነበሩትን ዕቃዎች ወደ ጎን አዞሯቸው። የሞተሩ ሽፋንም ከታች ጠፍጠፍ አለ። አውሮፕላን ማረፊያ መስኮት ላይ ቆሞ 737ን ከፊቱ ያየ ሰው ይህችን ጠፍጣፋ አፍ አይስታትም። ብልሃቱ እስከ ዛሬም የሚያስደንቅ ነው።

ከባዶ የመጀመር ሙከራም አልጠፋም። ሦስት ሞተር የነበረውን 727 ለመተካት የተሠራው 757 በየካቲት 1982 በረረ። 1,050 ያህል ተመርቶ በ2004 ቆመ። በ1980ዎቹ ደግሞ ቦይንግ 7ጄ7 የሚባል ዕቅድ ነበረው። ሞተሩ ሽፋን የሌለው፣ ምላጮቹ ውጭ ላይ የሚሽከረከሩ ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይህን ሞተር በ1986 በ727 ላይ ሰቅሎ አበረረው። ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወረደ፤ ዕቅዱም ተጣጠፈ።

ዋናው ትግል የመጣው በ2010 ነው። ታኅሣሥ 1 ቀን ኤርባስ ኤ320ኒዮን ይፋ አደረገ። አዲስ ሞተርና ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ክንፍ አንድ ላይ ሆነው ነዳጅ በ15 በመቶ እንደሚቀንሱ ቃል ገባ። ቦይንግ በወቅቱ ወደ አዲስ አውሮፕላን አዘንብሎ ነበር። የኩባንያው መሪ ጂም ማክነርኒም በ2011 መጀመሪያ ይህንኑ በአደባባይ ተናግረዋል። ገበያው ግን አልጠበቃቸውም። በሰኔ 2011 በፓሪሱ የአየር ትርዒት ኤርኤዥያ ብቻውን 200 ኒዮ አዘዘ። በወሩ የአሜሪካን ኤርላይንስ ዜና መጣ። ያረጁ ኤምዲ-80ዎቹን ለመተካት ከሁለቱም አምራቾች በድምሩ 460 አውሮፕላን አዘዘ። 260ው የኤርባስ ነበር። ከቦይንግ ካዘዘው 200 ውስጥ መቶው ገና በቦርድ ያልጸደቀ፣ አዲስ ሞተር የሚገጠምለት 737 ነበር። ደንበኛው አስቀድሞ ገዛው ማለት ይቻላል። ነሐሴ 30 ቦርዱ አጸደቀው፤ ስሙም 737 ማክስ ተባለ።

እግሩ ግን ያው አጭር እግር ነው። የፊት ጎማው እግር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዘመ፣ ሞተሩም ወደ ፊትና ወደ ላይ ተገፋ። እንዲያም ሆኖ የማክስ ፋን ስፋት 1.76 ሜትር ሲሆን፣ ሊፕ የተባለው የኒዮ ሞተር ፋን 1.98 ሜትር ነው። የሞተሩ አቀማመጥ መለወጥ አውሮፕላኑ አፍንጫው ቀና ሲል ያለውን ጠባይ ቀየረው። ለዚያ ማረሚያ አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋ፣ ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ገባ። ከአንድ ሴንሰር ብቻ መረጃ ይወስድ ነበር፤ በአብራሪዎች መመሪያ ላይም አልተጻፈም።

በጥቅምት 2018 የላየን ኤር በረራ 610፣ በመጋቢት 10 ቀን 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወደቁ፤ ሁለቱም ማክስ ነበሩ። 189 እና 157 ሰዎች ሞቱ። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በታኅሣሥ 2022 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ጥፋቱ የኤምካስ መሆኑን በግልጽ አስቀምጠዋል። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት በኤምካሱ ተስማምተው፣ የአብራሪዎቹ ድርሻ በበቂ አልታየም የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። አብራሪዎቹ ስለዚያ ሶፍትዌር ምን ያህል ተነግሯቸው ነበር የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ አስተያየት መቅደም ነበረበት። ቦይንግ ራሱ በጥር 2021 የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ በማታለል ሴራ የቀረበበትን ክስ ለመቋጨት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

ኤርባስም ችግር አላጣውም። ፕራት ኤንድ ዊትኒ ለኒዮ የሠራው ሌላው አማራጭ ሞተር በፋኑና ፋኑን በሚያሽከረክረው ተርባይን መካከል ማርሽ አለው። ማርሹ ፋኑን ከተርባይኑ ሦስት ጊዜ ያህል ቀስ አድርጎ ያሽከረክረዋል፤ ሁለቱም በሚስማማቸው ፍጥነት ይሠራሉ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ነገር ግን በ2023 አንዳንድ የሞተር ክፍሎች የተሠሩበት የብረት ዱቄት እንከን እንዳለው ታወቀ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ለምርመራ ቆሙ።

ከባዶ ተሠርቶ የተሳካው የካናዳው ቦምባርዲየር ሲሲሪስ ነው። በ2013 በረረ፣ በ2016 ሥራ ጀመረ። ኩባንያውን ግን ዕዳ ውስጥ ከተተው። በ2018 ኤርባስ አብላጫውን ድርሻ ወስዶ ኤ220 አለው። ቻይና ሲ919ን፣ ሩሲያ ኤምሲ-21ን ሠርተዋል፤ ሁለቱም በግንቦት 2017 ነው መጀመሪያ የበረሩት።

ቀጣዩ ትውልድ ለ2030ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ይታሰባል። ሞተር አምራቹ ሲኤፍኤም በ2021 ያስተዋወቀው ራይዝ ፕሮግራም ሽፋን የሌለውን ፋን መልሶ አምጥቶታል፤ ግቡም ነዳጅ ከ20 በመቶ በላይ መቀነስ ነው። ናሳና ቦይንግ ደግሞ ኤክስ-66 በተባለ የሙከራ አውሮፕላን ላይ ረጅምና ቀጭን ክንፍ ከአውሮፕላኑ ጀርባ በላይ አስቀምጠው፣ በድጋፍ ምሰሶ ሊይዙት አቅደው ነበር። ክንፉ ከላይ ከሆነ ከሥሩ ለሰፊ ፋን ቦታ ይተርፋል፣ የእግሩም ነገር አያሳስብም። ለሙከራው የተመረጠው ያገለገለ ኤምዲ-90 ነበር። በሚያዝያ 2025 ሥራው ለጊዜው ቆሞ ትኩረቱ ወደ ቀጭን ክንፍ ጥናት ዞረ።