ቨርቹዋል ማሽን ሰዓቱን ከየት ያገኛል?

ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ሰዓት የለውም። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እውነተኛ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ላይ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ኳርትዝ አለችው፤ ማሽኑ ቢጠፋ እንኳ በትንሿ ባትሪ መቁጠሯን ትቀጥላለች። ቨርቹዋል ማሽን ግን ሶፍትዌር ነው። ዲስኩንም፣ ኔትወርክ ካርዱንም፣ ሰዓቱንም የሚያቀርብለት ሃይፐርቫይዘሩ፣ ማለትም በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስኬደው ሶፍትዌር ነው። ዲስክ ቢዘገይ ስራው ይጓተታል እንጂ የተጻፈው አይለወጥም። ሰዓት ሲዘገይ ግን የሚነበበው ነገር ራሱ ስህተት ይሆናል፣ ያውም ማንም ሳያስተውለው።

ድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ጊዜን የሚያውቁት በመቁጠር ነበር። የታይመር ቺፑ በየተወሰነ ጊዜ ፕሮሰሰሩን ያቋርጠዋል፣ ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አንድ ይደምራል፣ በቃ። ሊኑክስ 2.4 በተለመዱት የኢንቴል ማሽኖች ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ይቆጥር ነበር፤ 2.6 ሲመጣ ይህ ወደ 1,000 አደገ። ዊንዶውስ በተለምዶ 64 ጊዜ፣ ማለትም በየ15.6 ሚሊሰከንዱ ይቆጥራል። ፕሮሰሰሩ ሁሌም የራሱ ለሆነ ማሽን ይሄ ምንም አይልም። ቨርቹዋል ማሽን ግን ተራ ጠባቂ ነው። ሆስቱ ላይ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኖቹን በተሸከመው እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ፣ ብዙ ማሽኖች ከተጨናነቁና አንዱ ለ50 ሚሊሰከንድ ከፕሮሰሰር ላይ ከወረደ፣ በ1,000 ስሌት 50 ምት አመለጠው ማለት ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ምቶቹን ዝም ብሎ ከጣላቸው ሰዓቱ ወደኋላ ይቀራል። አጠራቅሞ ማሽኑ ሲመለስ ካዘነበበት ደግሞ ሰዓቱ ለጥቂት ጊዜ ይሮጣል። ከሁሉም የከፋው ሁለቱም ወገን ሲያካክስ ነው፤ ከርነሉ "ምት አምልጦኛል" ብሎ በራሱ ይደምራል፣ ሃይፐርቫይዘሩም የዘገዩትን ምቶች ያደርሳል፣ ሰዓቱም ከእውነተኛው ጊዜ ቀድሞ ይሄዳል።

መፍትሄው መቁጠር ትቶ ማንበብ ነበር። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከፔንቲየም ዘመን ጀምሮ ቲኤስሲ የሚባል ቆጣሪ አለ። እሱን ማንበብ በጣም ፈጣን ነው። ምት ቢያመልጥም ግድ የለውም፣ ምክንያቱም ቆጣሪው ማንም ባያየውም ይሄዳል። ነገር ግን ቀደምት ፕሮሰሰሮች ላይ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነት ሲቀንስ ቆጣሪውም አብሮ ይቀንስ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ እየሰራ እያለ ከአንድ ሆስት ወደ ሌላ ይዛወራል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የለመደው ማሽን በድንገት 3.0 ላይ ቢያርፍ፣ ሂሳቡን የሚያስተካክልለት ከሌለ አንድ ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ጠፋበት ማለት ነው።

እዚህ ጋ ነው የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር የሆነው ኬቪኤም የሚጠቀምበት፣ ኬቪኤም ክሎክ የሚባለው ዘዴ የሚመጣው፣ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ውብ የምለው ክፍል እሱ ነው። ሆስቱና እንግዳው ማሽን (ቨርቹዋል ማሽኑ) አንዲት የሜሞሪ ገጽ ይጋራሉ። ሆስቱ እዚያች ላይ "ቆጣሪው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ጊዜው ይሄን ያህል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን በዚህ አባዛ" ብሎ ይጽፋል። እንግዳው ቆጣሪውን አንብቦ፣ አባዝቶና ደምሮ ጊዜውን ያገኛል። ሃይፐርቫይዘሩን መቀስቀስ አያስፈልገውም። ማሽኑ ወደ ሌላ ሆስት ሲዛወር አዲሱ ሆስት ገጿ ላይ አዲስ ቁጥር ይጽፋል፣ አለቀ። ሌሎቹ ሃይፐርቫይዘሮች ዜንም ሃይፐር ቪም ተቀራራቢ ዘዴ አላቸው።

ይሄ ሁሉ ግን ሰዓቱ በእኩል ፍጥነት እንዲሄድ እንጂ ትክክል እንዲሆን አያደርገውም። ለትክክለኛነት ኤንቲፒ ያስፈልጋል፣ ዴቪድ ሚልስ በ1985 ያስተዋወቀው፣ ሰዓትን በኔትወርክ የሚያመሳስል ፕሮቶኮል ማለት ነው። በዚህ ፕሮቶኮል የሚሰራው የቆየው ፕሮግራም ኤንቲፒዲ የተጻፈው ቀስ ብሎ ለሚዛባ ኳርትዝ ነው። ሰዓቱን ቀስ አድርጎ ሲያስተካክል ፍጥነቱ ቢበዛ በሚሊዮን ሰከንድ 500 ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ አንዲት ሰከንድ ለማስተካከል 2,000 ሰከንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱ ከ1,000 ሰከንድ በላይ ሆኖ ካገኘው ደግሞ በነባሪ አሰራሩ ስራውን ያቆማል። ለቨርቹዋል ማሽን ክሮኒ የሚባለው ሌላው የኤንቲፒ ፕሮግራም ይሻላል፤ ድንገተኛ ለውጥን ቶሎ ይይዛል።

ክሮኒም ቢሆን ግን እንቅልፍ ላይ ይቸገራል። ማሽኑን ለ6 ሰዓት አስተኝታችሁ ቀሰቀሳችሁት እንበል። ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ይዘውት የሚመጡት ማስተካከያ፣ ከአንድ ሰከንድ የበለጠ ልዩነትን በአንዴ ዘሎ የሚያርመው ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሦስት እርማቶች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይስባል። በነባሪ ከፍተኛ ፍጥነቱ አንድ ሰከንድ ለመሸፈን 12 ሰከንድ ስለሚወስድበት፣ 6 ሰዓት ለማካካስ ሦስት ቀን ይፈልጋል። በዚህ መሃል ከርቤሮስ (የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥ ስርዓት) አላስገባም ይላል፣ ምክንያቱም በተለምዶ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። አዲስ የወጣ ሰርተፍኬት "ጊዜው ገና ነው" ይባላል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረው የስልክ ኮድም አይገጥምም። ስለዚህ የሚተኛና የሚነቃ ማሽን ካላችሁ፣ "ሦስት" የሚለውን ገደብ አንሱትና ሁልጊዜ መዝለል ይፈቀድለት።

ሌላው የማየው ስህተት ሁለት አለቃ ማስቀመጥ ነው። ውስጥ ክሮኒ ይሰራል፣ ከውጭ ደግሞ የሃይፐርቫይዘሩ መሳሪያ ሰዓት ያስተካክላል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል። አንዱን ምረጡ። ቪኤምዌር የሚባለው ሃይፐርቫይዘር ላይ ደግሞ የየጊዜውን ማመሳሰል ብታጠፉትም፣ ማሽኑ ከእንቅልፍ ሲነሳ ወይም ስናፕሾት (የማሽኑ ሁኔታ ቅጂ) ሲወሰድ አንድ ጊዜ ማስተካከሉ አይቀርም፤ እሱን ለብቻ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ኬቪኤም ላይ ከሊኑክስ 4.11 ጀምሮ ሦስተኛ መንገድ አለ። እንግዳው የሆስቱን ሰዓት እንደ መሳሪያ ፋይል ከፍቶ ያነባል፣ ክሮኒም ከዚያ ይወስዳል። ኔትወርክ መሃል ስለማይገባ ልዩነቱ በጣም ትንሽ ይሆናል። ሆስቱ ራሱ ከተሳሳተ ግን እንግዶቹ ሁሉ አብረውት ይሳሳታሉ። አማዞን ክላውድ ላይ ማሽን ያላችሁ ደግሞ 169.254.169.123 የሚለውን የሰዓት አድራሻ ተጠቀሙ፣ ለዚሁ ተብሎ ከ2017 ጀምሮ ያለ ነው።

ፕሮግራም የምትጽፉም ብትሆኑ አንድ ስራ ስንት እንደፈጀ "የግድግዳ ሰዓት" በሚባለው፣ ማለትም የቀኑን ሰዓት በሚያሳየው የሲስተሙ ሰዓት አትለኩ፣ መሃል ላይ ሊዘል ይችላል። ሞኖቶኒክ የሚባለውን ሰዓት ተጠቀሙ፣ ወደኋላ አይሄድም። እሱም ቢሆን ማሽኑ ተኝቶ ከነበረ ያለፈውን ጊዜ በአብዛኛው አያውቀውም፤ እንግዳው እንደተኛ የነገረው የለም።