የመድረስ ግምት ምንድን ነው?

ገበታው ዳር ያለውን የሚጥሚጣ ዕቃ እጅን ዘርግቶ ማንሳት ይቻላል ወይስ ብድግ ማለት ያስፈልጋል? እጅ ሳይንቀሳቀስ ዓይን ቀድሞ ይወስናል። የመድረስ ግምት የሚባለው ይህ ውሳኔ ነው። ርቀቱን የምናየው በሴንቲሜትር ሳይሆን በገዛ አካላችን ልክ ነው፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ጊብሰን «አፎርዳንስ» (አካባቢው ለአካላችን የሚፈቅደው ድርጊት) ያለው ሐሳብ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። በክንድ እንደሚለካ ጨርቅ ነው፦ የማን ክንድ እንደሆነ ካልታወቀ ልኩ አይታወቅም።

ግምቱ ግን ያጋንናል። ጀርባቸውን አስደግፈው የተቀመጡ ሰዎች ክንዳቸው ከሚደርስበት 10 በመቶ ያህል አልፈው «ይደርሳል» ይላሉ። ተመራማሪዎቹ ሮሻ እና ራጋ በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ምክንያት አሳማኝ ነው፤ በዕለት ኑሮ በክንዱ ብቻ የሚደርስ የለም። ወገብ ይታጠፋል፣ ትከሻ ይቀድማል፣ መቀመጫም ከወንበሩ ይነሳል። ዓይን የገመተው ለሙሉ አካል ነው፤ ጀርባውን ያሰረው ፈታኙ ነው።

እቤት ለመሞከር ገማቹ ጀርባውን አስደግፎ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጥ። ሌላ ሰው ቆርኪ ከሩቅ ወደ እሱ ቀስ እያለ ይግፋ፤ «አሁን ይደርሳል» ያለበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ከቅርብ ወደ ሩቅ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተሠራ መልሱ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል፤ ስለዚህ ከሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ አማካዩ ይወሰዳል። ክንዱ የሚዘረጋው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከተዘረጋ መገመት ቀርቶ ማስታወስ ይሆናል። ግምቱ 77፣ እውነተኛው 70 ሴንቲሜትር ቢሆን ትርፉ 10 በመቶ ነው።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለስግብግብ ነው፤ ስህተቱ ግን የግምትም ነው። ብብት ውስጥ ዕቃ የያዘ ክንድ እንደልብ ወደ ላይ አይዘረጋም፤ እሷ የገመተችው በነፃ ክንዷ ነበር።

ለሌላ ሰውም እንገምታለን፤ ረጅሙንና አጭሩን ለይተን ለየራሳቸው አካል እንሰፍራለን። የራሳችን ሸክም ግን ይገባበታል። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ክብደት የታሰረባቸው ተመልካቾች ሌላው ሰው ዘሎ የሚደርስበትን ከፍታ ዝቅ አድርገው ገምተዋል፤ ዘላዩ ምንም ሳይታሰርበት።